ከፍሪዘሩ ጀምሩ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዘላቂ የምርምር ግቢ አሠራር

"የምርምር ማዕከል ልንሠራ ነው" ሲባል ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው የሕንጻው ምስል ነው። ሰማያዊ መስታወት፣ ደጁ ላይ ፏፏቴ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ሣሩ ላይ ላፕቶፕ ይዘው የሚሄዱ ፈረንጅ የሚመስሉ ሰዎች። ኃላፊው ይደሰታል፣ ኮሚቴው ያጨበጭባል። ውስጡ ስንት ፍሪዘር እንደሚገባ ግን ከተሰበሰበው ሰው መካከል የሚያውቅ የለም። ሕንጻው አልቆ ሰው ሲገባበት መስኮቱ አይከፈትም፣ ኤሲ በየግድግዳው ይሰቀላል፣ ጄነሬተሩ ቀን ተሌት ያጓራል፣ "አረንጓዴ" የተባለው ግቢ የናፍጣ ሽታ ይሸታል።

ይህ ጽሑፍ ሳያስቡት የግንባታ ኮሚቴ ውስጥ ለተመደቡ ተመራማሪዎች፣ ለወጣት አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ነው። የማወራው ስለ አዲስ አበባ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ ቁጥሮቹን በራሳችሁ አየርና አፈር ቀይሩ፣ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው፦ ከውስጥ ወደ ውጭ።

መጀመሪያ የዕቃ ዝርዝር

ቤተ ሙከራን እንደ ቢሮ ቆጥሮ ዲዛይን መጀመር ትልቁ ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ በተሠሩ ልኬቶች አንድ ካሬ ሜትር ቤተ ሙከራ ብዙ ጊዜ ከአንድ ካሬ ሜትር ቢሮ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ኃይል ይበላል። ዋናው በላተኛ አየር ነው። ኬሚካል የሚነካካበት ክፍል ሰው እየሠራበት ባለ ጊዜ አየሩ በሰዓት ከ6 እስከ 12 ጊዜ ሙሉ በሙሉ መቀየር አለበት፣ የተጣራውን መልሶ ማዞርም አይቻልም። በዚያ ላይ ፊዩም ሁድ አለ፤ መርዛማ ጭስ የሚስበው ያ ካቢኔ ማለቴ ነው። ተከፍቶ ከተተወ ቀኑን ሙሉ የክፍሉን አየር ወደ ሰማይ ሲተፋ ይውላል።

ስለዚህ አርክቴክት ከመቅጠራችሁ በፊት ለእያንዳንዱ የምርምር ቡድን አንድ ገጽ ስጡ። ምን መሣሪያ አለህ? ስንት ዋት ይስባል? በቀን ስንት ሰዓት ይሠራል? ምን ያህል ሙቀት ይተፋል? ጋዝ፣ ውሃ፣ ልዩ ፍሳሽ ይፈልጋል? መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ መብራት ለአንድ ሰዓት ቢጠፋ ምን ይበላሻል? ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ገንዘብ ያድናል፤ ምክንያቱም የጄነሬተሩን፣ የባትሪውንና የኬብሉን መጠን የሚወስነው መልሱ ነው። "ሁሉም ነገር ወሳኝ ነው" የሚል መልስ ካመጡላችሁ ወረቀቱን መልሱላቸው። የቡና ማፍያው ወሳኝ አይደለም።

አሁን ወደ ፍሪዘሩ። ናሙና የሚቀመጥበት፣ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር አሮጌ ከሆነ በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላል። ከአዲሶቹ ቆጣቢ ሞዴሎች በግማሹ ወይም ከዚያ ባነሰ የሚሠሩ አሉ። 20 ፍሪዘር ያለው ተቋም በዚህ ምርጫ ብቻ በቀን 200 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሊያድን ይችላል፤ ይህ ጣሪያ ሙሉ ሶላር ከማልበስ ይረክሳል። ናሙናው የሚፈቅድ ከሆነ ደግሞ ከ80 ይልቅ 70 ላይ ማድረግ ከፍጆታው ሲሶውን ያህል ይቀንሳል። ማስተካከያው ነፃ ነው፣ የሚጠይቀው የተመራማሪዎቹን ስምምነት ብቻ ነው፤ እርግጥ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ሊሆን ይችላል።

ፍሪዘሮቹን በየኮሪደሩ አትበትኑ። የበሉት ኤሌክትሪክ በሙሉ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ክፍሉ ውስጥ ይቀራልና፣ አንድ ላይ ሰብስባችሁ በሰሜን ወይም በጥላ በኩል ባለ ክፍል አስቀምጧቸው፤ ከታች የውጭ አየር የሚያስገባ ፍርግርግ፣ ከላይ ሙቀቱን የሚያወጣ ፋን ይኑር። የአዲስ አበባ አየር በነፃ ሊያቀዘቅዝላችሁ እየቻለ ኤሲ መግጠም ግፍ ነው።

ከፍታውንም አትርሱ። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ብዙ የላብ (የቤተ ሙከራ) መሣሪያ ደግሞ እስከ 2,000 ሜትር ድረስ እንዲሠራ ነው ዋስትና የሚሰጠው፤ መመሪያው ጀርባ ላይ በደቂቅ ፊደል ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ፋን፣ ኮምፕረሰርና ጄነሬተር ሲታዘዝ የከፍታ ማስተካከያ ካልተሠራለት ወረቀቱ ላይ ያለውን ጉልበት አታገኙም። የጨረታ ሰነዱ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ፦ "መሣሪያው በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተገለጸውን አቅም እንደሚሰጥ አምራቹ በጽሑፍ ያረጋግጥ።"

ቦታ፦ አዲስ መሬት ወይስ አሮጌ ግቢ?

ከከተማ ዳር ሰፊ መሬት ሲሰጥ ደስ ይላል። ነገር ግን ሠራተኛው በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ሰርቪስ ላይ የሚያልፍበት ግቢ፣ ሕንጻው የፈለገውን ያህል ቢቆጥብ፣ በየመንገዱ መልሶ ያፈሰዋል። ተመራማሪ ደግሞ ሰው ይፈልጋል፦ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ቡና የሚጠጣበት ቤት። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ የተቀመጠው ዘነበወርቅ አለርት ሆስፒታል ግቢ ነው፣ ታካሚው እዚያው፣ ናሙናው እዚያው። ይህ አቀማመጥ በማንኛውም አረንጓዴ ቴክኖሎጂ አይተካም።

አሮጌ ግቢ ካላችሁ ለማፍረስ አትቸኩሉ። እኔ የምመክረው አከፋፈል ይህ ነው፦ አሮጌዎቹ ሕንጻዎች ለቢሮ፣ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለስብሰባና ለኮምፒውተር ሥራ ይታደሱ፣ አዲስ የሚሠራው ቤተ ሙከራው ብቻ ይሁን። የወለል ከፍታቸው 3 ሜትር የሆኑ አሮጌ ሕንጻዎች የአየር ቱቦ አያሳልፉም፣ አስገድዳችሁ ካስገባችሁ ኮርኒሱ ጭንቅላት ላይ ይመጣል። ለቢሮ ግን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳቸው ወርቅ ነው። ቤተ ሙከራ ሲባል የሚታሰበው ሁሉ ኬሚካልና ናሙና የሚነካካበት "እርጥብ ላብ" እንዳልሆነም ልብ በሉ። የተመራማሪው ጊዜ እኩሌታ ጽሑፍና ዳታ ነውና ጠረጴዛውን ከላቡ አውጡት፤ ውድ አየር የሚፈልገው ስፋት በዚያው ያንሳል።

አፈሩን አስመርምሩ። ወደ ቦሌ፣ ገርጂና አቃቂ በኩል ጥቁር አፈር ይበዛል፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ጥልቀት የሌለውን መሠረት ያናውጣል። ወደ እንጦጦ ሲወጣ ቀይ አፈርና ዐለት ይቀርባል። የመሬት መንቀጥቀጥም አለ። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው ንቅናቄ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ደረጃ አስወርዷል። ስለዚህ የቆየ ፕላን "ባለፈው ሠርተንበታል" ብሎ መገልበጥ ይቅር፣ ስትራክቸሩ አሁን በሥራ ላይ ባለው የሕንጻ ኮድ ይሰላ። የላብ መደርደሪያዎች ግድግዳ ላይ ይታሰሩ፣ የጋዝ ሲሊንደር በሰንሰለት ይያዝ። ይህ ሳንቲም ነው የሚያወጣው።

ንዝረትም ሌላው ጉዳይ ነው። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና ስስ ሚዛን ያለው ተቋም ከቀላል ባቡሩ መስመርና ከከባድ መኪና መንገድ መራቅ አለበት። ለንደን ውስጥ ሴንት ፓንክራስ ባቡር ጣቢያ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው ፍራንሲስ ክሪክ ኢንስቲትዩት ከሕንጻው ሲሶ ያህሉን ከመሬት በታች አድርጎታል። ያን ያህል ገንዘብ ለሌለን ቀላሉ መንገድ ስስ መሣሪያዎችን ምድር ቤት፣ ከሊፍትና ከጄነሬተር ርቆ፣ ከተቀረው ወለል በተለየ የአርማታ መሠረት ላይ ማስቀመጥ ነው።

ፀሐይና ነፋስ

አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ነው። ዓለም ላይ ስንት ከተማ ነው ይህን የመሰለ አየር ያለው? ይህን ይዞ ከርተን ዎል፣ ማለትም ሙሉ የመስታወት ግድግዳ፣ የሚገጥም ሰው ገንዘቡ በዝቶበታል ማለት ነው።

ረጅሙ የሕንጻ ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይመልከት። የጠዋትና የማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት ማጥላት ከባድ ነው፣ በተለይ ምዕራቡን ለደረጃ፣ ለመጸዳጃና ለዕቃ ቤት ተዉት። በደቡብ በኩል ሥራው ቀላል ነው፤ በታኅሣሥ እንኳ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ 57 ዲግሪ ገደማ ከፍ ትላለች፣ 1 ሜትር የሚወጣ ክዳን 1.5 ሜትር ቁመት ያለውን መስኮት ያጠላል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ደግሞ ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ ግን ግማሹ ጊዜ ክረምት ስለሆነ ደመናው ያግዛችኋል። ለሰሜኑ አጭር ክዳን ይበቃል።

ቢሮዎቹ ጥልቀታቸው ትንሽ ይሁን፣ በሁለት በኩል መስኮት ይኑራቸው፣ መስኮቱ ይከፈት። ወፍራም ግድግዳና ያልተሸፈነ የአርማታ ሶሌታ ሌሊት ይቀዘቅዝና ቀን ያንን ቅዝቃዜ ይሰጣል። ሐራሬ ያለው የኢስትጌት ሕንጻ እ.ኤ.አ. በ1996 በዚሁ ዘዴ ያለ ተለመደው ኤሲ ተሠርቷል፤ ሐራሬ ከእኛ ዝቅ ያለ ከፍታ ላይ ናት፣ ሙቀቷም ይብሳል። እነሱ ከቻሉ እኛ ምን ያቅተናል? የእኛ ችግር እንዲያውም ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ብርድ ነው። ለዚያ ጣሪያውን በደንብ ኢንሱሌት አድርጉ። ባዶ ቆርቆሮ ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ያበርዳል፣ ዝናብ ሲመጣ ስብሰባ ያቋርጣል።

አደገኛ ተሕዋስያን የሚያዙበት ላብ ግን በመስኮት አይተነፍስም። እንዲህ ያሉትን ክፍሎች በአንድ ክንፍ ሰብስቡ፣ ሜካኒካል አየሩን እዚያ ብቻ አውጡ፣ የቀረው ግቢ በነፋስ ይኑር። የጭስ ማውጫው ከጣሪያ ከፍ ብሎ ከአየር ማስገቢያው ይራቅ። የካንቲኑን መስኮት አስቡ።

ግድግዳው ሳይሆን ቱቦው ይቀድማል

የዛሬ ምርምር ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ነው። ስለዚህ ክፍሎቹ እየተቀያየሩ እንዲኖሩ ሠርታችሁ መተው አለባችሁ። አርክቴክቱ ሉዊ ካን ካሊፎርኒያ ውስጥ የሠራው የሳልክ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲጠናቀቅ በየላቡ ወለል መካከል ሰው ቆሞ የሚሠራበት የቱቦ ፎቅ ነበረው፣ እስከ ዛሬ ላቡን ሳይዘጉ ጥገና ይሠሩበታል። ሙሉ ፎቅ ለቱቦ መስጠት ለእኛ ቅንጦት ነው። ርካሹ መንገድ ቋሚ ቱቦዎቹን ሁሉ በኮሪደር በኩል በሚከፈት ዳክት (የቱቦ መውረጃ ጉድጓድ) ውስጥ፣ ወይም ከውጭ ግድግዳ ላይ በረንዳ መሰል መተላለፊያ ሠርቶ ማውረድ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ላብ ውስጥ ሳይገባ ይጠግን። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የወደፊት መዶሻ ነው።

ልኬቱን ቀድማችሁ ወስኑ። በሁለት ጠረጴዛ መካከል ሁለት ሰው ጀርባ ለጀርባ እንዲሠራ የላብ ሞጁል (እየተደጋገመ የሚመጣው የክፍል ስፋት) 3.3 ሜትር አካባቢ ይሁን፣ ኮለኑ በእጥፉ በ6.6 ሜትር ይምጣ። ከወለል ወለል 4.2 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ስጡ። ተቋራጩ "ለምን ይህን ያህል?" ይላል፤ እሱ ለአፓርታማ ስለለመደ ነው። የውስጥ ግድግዳ ጭነት የማይሸከም ቀላል ብሎኬት ወይም ጂፕሰም ቦርድ ይሁን።

ቁሳቁስ

እዚህ ላይ ከውጭ አገር መመሪያ ጋር እንለያያለን። የእኛ ኤሌክትሪክ አብዛኛው ከውሃ የሚመነጭ ነው፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ሕዳሴ ግድብም ተጨምሮበታል። ስለዚህ አምፖል ማብራት ብዙ ካርቦን የለውም። ካርቦኑ ያለው ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ አሉሚኒየሙና መስታወቱ ውስጥ ነው። አንድ ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው) ሲመረት 800 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። መስታወቱና አሉሚኒየሙ በዶላር ይገባል፣ ሲሰበር ደግሞ ተመሳሳዩን ፍለጋ ወር ይፈጃል።

በመጀመሪያ ትንሽ ሥሩ። ከዚያ ለግድግዳና ለልስን ፖዞላና (የእሳተ ገሞራ አመድ) የተቀላቀለበትን ፒፒሲ ሲሚንቶ ተጠቀሙ፣ ጠንካራውን ለኮለንና ለሶሌታ አቆዩ። ለብሎኬት ፑሚስ (ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከስምጥ ሸለቆው ቅርብ ነው፣ ቀላልም ነው፣ ሙቀት ይከላከላል። ለውጭ ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ወይም የአምቦ ድንጋይ ቀለም አይጠይቅም፤ ቀለም በየሦስት ዓመቱ የሚቀባ በጀት ያለው የመንግሥት ተቋም አላውቅም። ለመንገዱ ኮብልስቶን፤ ውሃ ያሰርጋል፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ተነቅሎ ይመለሳል፣ የሠፈር ወጣት ይሠራበታል።

አፈርስ? ይቻላል፣ ግን በቦታው። ልደታ ያለው የአርክቴክቸርና ሕንጻ ግንባታ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር በአፈር የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ሙከራ ቤት አለ። ሄዳችሁ በእጃችሁ ንኩት። እኔ በተጨመቀ የአፈር ብሎክ የእንግዳ ማረፊያውን፣ ካንቲኑንና የጥበቃ ቤቱን እሠራበታለሁ። አሲድ የሚደፋበትን ላብ አልሠራበትም።

ውሃ

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። 1,000 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 900 ሜትር ኩብ ያህል ይሰበስባል። ቁጥሩ ያጓጓል። ችግሩ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ በላዩ ከሰኔ እስከ መስከረም መውረዱ ነው። ለበጋ ሙሉ የሚበቃ ታንከር እሠራለሁ ካላችሁ በጀቱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። የሚያዋጣው በክረምት የማዘጋጃ ቤቱን ውሃ በዝናብ መተካት፣ በበጋ ደግሞ ለፈረቃው ሦስት አራት ቀን የሚያቆይ ማጠራቀሚያ መያዝ ነው፤ ያው ታንከር ሁለቱንም ይሠራል። አሸንዳው ሰፊ ይሁን። የሐምሌ ዝናብ ጠባብ አሸንዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የተረፈው ወደ ግቢው ዝቅተኛ ቦታ፣ ሣርና ጠጠር ወዳለበት ጉድጓድ ይሂድ እንጂ ወደ ጎረቤት አጥር አይላክ።

ላብ ውስጥ ውሃ የሚያባክኑት ዕቃዎች ይታወቃሉ። የቧንቧ ውሃ ቀኑን ሙሉ እያሳለፈ የሚያቀዘቅዝ ዲስቲለር (ውሃ አትንኖ የሚያጣራ)፣ ቫኪዩም ለመፍጠር ቧንቧ የሚከፈትበት መሣሪያ፣ ማቀዝቀዣ ውሃው በቀጥታ ወደ ፍሳሽ የሚሄድ አውቶክሌቭ (ዕቃ በእንፋሎት የሚቀቅል)። እነዚህን የሚዞር ውሃ ባላቸው ተኩ።

ፍሳሹን ከመጀመሪያው ቀን በሦስት ክፈሉት፦ የመጸዳጃ፣ የእጅ መታጠቢያና የላብ። የላቡ መስመር አሲድ በማይበላው ቧንቧ ወደ ማስተካከያ ታንክ ይግባ፣ ናሙና የሚወሰድበት ማንሆል ይኑረው። ሶልቨንት (ማሟሟያ ኬሚካል) እና እንደ ሜርኩሪ ያለ ከባድ ብረት ግን ጭራሽ ሲንክ ውስጥ አይደፋም፤ በጀሪካን ተለይቶ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ አየር ወዳለው ለብቻው የተሠራ ማከማቻ። ሦስቱን አንዴ ካቀላቀላችሁ በኋላ መለየት ማለት ወለል መቆፈር ማለት ነው። እጅ የታጠበበት ውሃ ደንገልና ቄጤማ በተተከለበት ጠጠር ውስጥ አልፎ ለአትክልቱ ይበቃል።

መብራት

100 ኪሎዋት ሶላር 500 ካሬ ሜትር ገደማ ጣሪያ ይወስዳል፣ በዓመት 150,000 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይሰጣል። ጥሩ ነው። ግን ባትሪ የሌለውና ከመስመር ጋር ብቻ የተገናኘ ሶላር መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ይህን ሻጩ ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ "መብራት ቢጠፋ ምን ይበላሻል?" ብላችሁ የሰበሰባችሁትን ዝርዝር አውጡና የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን በሦስት ክፈሉት። ለሰከንድ መቋረጥ የሌለበት ዩፒኤስ (ወዲያው የሚረከብ ባትሪ) ላይ፣ ደቂቃ የሚታገሥ ባትሪና ሶላር ላይ፣ የሚጠብቅ ደግሞ ይጠብቅ። እንዲህ ከተከፈለ ጄነሬተሩ ትንሽ ይሆናል፣ የሚነሳውም መብራት ረጅም ሰዓት ሲጠፋ ብቻ ነው። የቮልቴጅ መከላከያና ጥሩ የመሬት ገመድ ላይ አትሰስቱ፤ መሣሪያ የሚገድለው መብራት ሲጠፋ ሳይሆን ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ፓርኪንግ ቀንሱ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ስለተከለከለ የሚመጣው ኤሌክትሪክ መኪና ነው፣ ለቻርጅ የሚሆን ባዶ ቱቦ አስቀብሩ፤ ቀን ሶላሩ ሲተርፍ ይሞላሉ።

ርክክብ

ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው እዚህ ነው። ሪባን ይቆረጣል፣ ኬክ ይበላል፣ ተቋራጩ ይሄዳል፣ የፋኑን መቆጣጠሪያ የሚያውቅ ሰው የለም። ከመጨረሻው ክፍያ በፊት የሚደረጉ ነገሮችን ውሉ ውስጥ ጻፉ፦ እያንዳንዱ ፊዩም ሁድ አፉ ላይ በሰከንድ 0.5 ሜትር አካባቢ እንደሚስብ ይለካ፣ መብራት ሆን ተብሎ ይጥፋና ፍሪዘሮቹ በየትኛው መስመር እንደተረከቡ ይታይ፣ ጣሪያው አንድ ክረምት ይለፍበት። የተቋሙ ሁለት ቴክኒሻኖች ገጠማው ላይ ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው ይዋሉ እንጂ በመጨረሻ ቀን "ስልጠና" ተብሎ ፓወር ፖይንት አይታይላቸው። የመለዋወጫና የፊልተር ግዢ ለሁለት ዓመት የሚበቃው በግንባታው በጀት ውስጥ ይግባ። በኋላ የውጭ ምንዛሪ ፍለጋ መሄድ ሌላ ፕሮጀክት ነው።

ለእያንዳንዱ ክንፍ የራሱን ቆጣሪ አስገጥሙ፣ የወሩን ንባብ ደግሞ መግቢያው ላይ ለጥፉ። የትኛው ላብ ሁዱን ከፍቶ እንደሚያድር ያኔ ይታወቃል።

ዛፎቹን ከርክክብ በፊት ባለው ሐምሌ ትከሉ፦ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ብሳና። ባሕር ዛፍ መሠረት አጠገብ አይሁን። ተቋራጩ እስኪለቅ ችግኞቹን በቆርቆሮ አጥሩ፣ አለዚያ የአሸዋ መኪናው ወደ ኋላ ሲል ይጨርሳቸዋል።